ሁለት መልካም፣ አንድ የሚታረም

ዶክተሯን በደንብ አውቃቸዋለሁ ብዬ መጻፍ አልችልም። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ኮሪደር ሠርተናል፤ እሳቸው ስታቲስቲክስ ያስተምራሉ፣ እኔ የሳይንስ ፋኩልቲው ጸሐፊ ነኝ። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ያላለፈች ሴት ስለ ዩኒቨርሲቲ መምህር ምን አግብቷት ትጽፋለች ብትሉኝ፣ እኔም ራሴን ጠይቄያለሁ።

መምህራን እርስ በርስ የሚማማሩበትን የረቡዕ ስብሰባ የጀመሩት እሳቸው ናቸው። አንዱ ሌላው ሲያስተምር ክፍል ገብቶ ያያል፤ ከዚያ ቅጽ ላይ ሁለት መልካም ነገርና አንድ የሚታረም ይጽፋል። ቅጹ እኔ ዘንድ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ከጻፈውና ከተጻፈለት በቀር ማንም አያየውም ብለው ዶክተሯ ቃል ገቡ። መምህራኑም በደስታ ተስማምተው ቅጹን ሻይ ቤት ቁጭ ብለው ይሞሉት ጀመር።

«ስለኔ ምን ጻፍክ?»

«ሰዓት ያከብራል ብያለሁ።»

«ኧረ ባክህ፣ የሚታመን ነገር ጻፍ።»

የምር ክፍል የሚገቡት ዶክተሯ ብቻ ነበሩ። አዲሱን የፊዚክስ መምህር ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሃምሳ ደቂቃ ሰሙትና፣ «የሚያወራው ከሰሌዳው ጋር ነው፤ ተማሪ ሲጠይቅ እንኳ አይዞርም» ብለው ጻፉ። እሱም አመሰገናቸው። በሳምንቱ መዞር እንደጀመረ ተማሪዎቹ ነገሩኝ።

የኮንትራት እድሳት ሲደርስ ግን የፋኩልቲው ኃላፊ ቅጾቹን በሙሉ እንዳቀርብላቸው አዘዙኝ። አገላብጬ ባይ፣ ነቀፋ ያለበት የፊዚክሱ መምህር ቅጽ ብቻ ነው። የሁለት ልጆች አባት ነው፣ ኮንትራቱም የአንድ ዓመት። ቅጹን ይዤ ወደ ዶክተሯ ሮጥኩ።

«ዶክተር፣ ይሄ ሰውየውን ከሥራ ሊያስወጣው ነው።»

«ማንም አያየውም ብዬ ነበርኮ፣ እህቴ።»

«ኃላፊው እንደዚያ አላሉም።»

ተነሥተው ወደ ቢሮዬ አብረውኝ መጡ። ከዚያ ባዶ ቅጽ ጠየቁኝና ጠረጴዛዬ ጥግ ላይ ሞሉት። በየረቡዑ «አትሸነጋገሉ፣ ያያችሁትን ጻፉ» የሚሉት ሴት፣ «የሚታረም» ከሚለው ፊት «የለም» ብለው ፈረሙ። የድሮውን ቅጽ አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ኮንትራቱ ታደሰ። ኃላፊውም የመማማሪያ ስብሰባው ግቡን መምታቱን፣ ከመምህራኑ መካከል አንድም ጉድለት ያለበት አለመገኘቱን ለበላይ ሪፖርት አደረጉ። የተየብኩት እኔ ነኝ።

በቀጣዩ ረቡዕ ዶክተሯ አዲስ ቅጽ ሊወስዱ መጡ። እንደምንም ደፈርኩና፣ «ከእንግዲህስ ያዩትን ይጽፋሉ?» አልኳቸው።

ስብሰባው ሊጀመር ነው ብለው ቅጾቹን ይዘው ወጡ።