እንቅልፍ የማይነሳ ቡና፦ ከዘጌ እስከ መተማ

ከዘጌ የተነሣሁት ጣሊያን ጎንደርን በያዘ በሦስተኛው ዓመት፣ በየካቲት መጨረሻ ነው። ለሰው ሁሉ ቡና ልሸጥ እሄዳለሁ አልኩ። ውሸት አይደለም፣ አራት የአህያ ጭነት ቡና ነበረኝ። እውነተኛው ጉዳዬ ግን ሚስቴን እንጉዳይን ፍለጋ ነበር። አባቷ ከጣሊያን ጋር ተዋግተው ቆስለው ወደ ሱዳን ሲሸሹ፣ "አድርሻቸው ለፋሲካ እመለሳለሁ" ብላ አብራቸው ወጣች። ሁለት ፋሲካ አለፈ፣ ሦስተኛው እየመጣ ነው። ባለፈው ኅዳር ከመተማ የተመለሰ አንድ ነጋዴ "ከድንበሩ ማዶ ገላባት ላይ ቡና የምትቆላ የዘጌ ሴት አለች ሲሉ ሰማሁ" አለኝ። ስሟን አልጠየቀም። ነጋዴ ከዋጋ በቀር ምን ይጠይቃል!

እኔ የዘጌ ሰው ሆኜ ቡና አልጠጣም። አንድ ስኒ ከቀመስኩ ዓይኔ እንደፈጠጠ ይነጋል። ጎረቤቶቼ "ውሃ የሚፈራ ዓሣ" ይሉኛል። እኛ አገር በሬ አይጠመድም፣ ኑሯችን ከዛፍ ጥላ ሥር ያለው ቡና ነው፤ ቀይ ቀዩን ለቅመን፣ አድርቀን፣ ከነገለፈቱ የደረቀውን ጀንፈል በሙቀጫ እንወቅጣለን። ፍሬው ለገበያ ይሄዳል፣ ገለፈቱ ይጣላል። እንጉዳይ ግን ንጹሕ ንጹሑን ገለፈት ለእኔ ታስቀምጥ ነበር። በለስላሳ እሳት የዳቦ ቅርፊት እስኪሸት ድረስ ታምሰውና አፍልታ፣ ቁንጥር ጨውና አንድ ቅጠል ጤና አዳም ትጨምርበታለች። ያ እንቅልፍ አይነሳም። "ገለፈት ለባሏ የምታጠጣ" እያሉ ቢስቁባትም እሷ ግድ አልነበራትም። ከሄደች በኋላ አንድ ቀን ራሴ ሞከርኩት፤ የተቃጠለ ገመድ ሸተተኝ፣ ደፋሁት።

ጣናን መሻገር

እስከ ደልጊ በታንኳ ሁለት ቀን ፈጀን። የመጀመሪያው ባለታንኳ ደረቅ ዓሣ ስለጫነ ትቼው ሌላ ፈለግሁ። ቡና የሽታ ሌባ ነው፤ አጠገቡ ያለውን ሁሉ ይሰርቃል፣ ዓሣ የሸተተ ቡና ደግሞ የሱዳን ገዢ አፍንጫው ላይ አስጠግቶ ይመልስልሃል። ጆንያዎቹን በቁርበት ጠቅልዬ በላያቸው ተቀመጥኩ።

ደልጊ ላይ ሼህ ይማም ከሚባሉ ሽማግሌ የሲራራ ነጋዴዎች መሪ ጋር ተገናኘሁ። ይህን መንገድ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሄዱ፣ አህያ ሲያነክስ ከሩቅ በኮቴው ድምፅ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ለአንድ አህያ ኪራይ ሁለት ጠገራ ብር ጠየቁኝ። በሊራ ልክፈል ብላቸው "ወረቀቱን ለጣሊያኑ ስጠው" ብለው ሳቁ።

ጭልጋ

ከጭልጋ ወደ ቆላ ለመውረድ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። በኬላው ያለው አስተርጓሚ ሃያ ቀን ጻፈልኝና "ዋስ አምጣ" አለ። በሃያ ቀን ካልተመለስኩ ዋሴ ይታሰራል ማለት ነው። ሚስቴን እንደምፈልግ ለሼህ ይማም በመንገድ ነግሬያቸው ነበር። ቀርበው አውራ ጣታቸውን ቀለም ውስጥ ነክረው ፈረሙልኝ።

"ሼህ፣ እኔን እኮ አያውቁኝም" አልኳቸው።

"አሁን አወቅሁህ። አንገቴ ካንገትህ ጋር ተሰፍቷል፣ ልጄ። ስትሮጥ ቀስ በል።"

ወደ ቆላ

ከጭልጋ በኋላ መሬቱ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ልብስም አብሮት እየወለቀ ይሄዳል። ነጋዴ ባሕር ከሚባለው ቦታ ስንደርስ ጋቢዬን ጠቅልዬ አህያ ላይ ጭኜው ነበር። በግራ በቀኝ ቀርቀሃው ደርቆ ነፋስ ሲነካው ይንኳኳል። ከረፋድ እስከ አሥር ሰዓት ጥላ ሥር እንተኛለን፣ ማለቴ እነሱ ይተኛሉ። እኔ ጋደም ብዬ እንጉዳይን አስባለሁ፤ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ መሸፈኗን፣ ስትቆጣ ስሜን ሁለት ጊዜ መጥራቷን። ናፍቆት ቆላ ሲወርድ ይብሳል፣ ሙቀቱ ነው መሰለኝ።

ሸሕዲ ላይ ሁዳዴ ጾም ነበርና የማሽላ እንጀራ በሰሊጥ በተለወሰ ሽሮ በላሁ። ያበላችን ሴት ከደጋ የወረደች ጎጃሜ ናት። ወዴት እንደምሄድ ስነግራት "ወባውን ከቻልከው መተማ ሰው አይጠፋም፣ ሁሉም እዛው ነው የሚገናኝ" አለችኝ። የገንዳ ውሃን ወንዝ በጉልበታችን ልክ ተሻግረን በሦስተኛው ቀን መተማ ገባን።

መተማ

ገበያው ጥጥ፣ ሰሊጥ፣ ጨውና አቧራ ነው። የይለፍ ወረቀቴ ወደ ገላባት ስለማያሻግረኝ፣ ሁለት ቀን ሙሉ "የዘጌ ሴት" እያልኩ ጠየቅሁ። አንዱ ሞታለች አለኝ፣ ሌላው ገዳሪፍ ገብታለች አለኝ፣ ሦስተኛው ስለ ቡናዬ ዋጋ ጠየቀኝ። በሦስተኛው ቀን ተስፋ ቆርጬ ከሼህ ይማም ጋር ሐጃ ዘይነብ የምትባል ሱዳናዊት ቡና ሻጭ ዳስ ሥር ተቀመጥኩ። እጀታው ረጅም በሆነ ትንሽ መጥበሻ እስኪጠቁር ቆልታ፣ ከደረቅ ዝንጅብል ጋር ወቅጣ፣ በጀበና ታፈላለች። ሽታው መንገደኛ ያስቆማል። ፍንጃሉን ሞልታ ዘረጋችልኝ።

"እግዜር ይስጥሽ፣ እኔ ይቅርብኝ" አልኳት።

ሼህ ይማም በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። "ተቀበል እንጂ! እዚህ አገር የተቀዳ ቡና መመለስ ስድብ ነው።"

እጄን ዘረጋሁ። ደክሞኛል፣ ተስፋም ቆርጫለሁ፣ በአንድ ፍንጃል ማን ይጣላል? ከንፈሬ ጋ ካደረስኩት በኋላ ግን መልሼ አስቀመጥኩት።

"ሐጃ፣ አትቀየሚኝ። ቡና እንቅልፍ ይነሳኛል።"

ሴትዮዋ መጥበሻውን አስቀመጠች። አየችኝ፣ ደግማ አየችኝ። ከዚያ ከኋላዋ ካለው ሣጥን ውስጥ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አወጣች፣ ጀበናውን አጥባ ሌላ ውሃ ጣደች። ስትቀዳልኝ የዳቦ ቅርፊት ሸተተኝ። ቀመስኩት፤ ጨው አለበት፣ ጤና አዳም አለበት። አለቀስኩ። በገበያ መሐል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አርባ ዓመት የሞላኝ ሰው።

"ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ለካ አንተ ነህ!" አለች ሐጃ ዘይነብ። "ከገላባት የምትመጣ አንዲት ሐበሻ ይህን ሰጠችኝ። 'ቡና ሰጥተሽው እንቅልፍ ይነሳኛል የሚል ሰው ከመጣ ይህን አፍይለት፣ ፊቱንም እይ' አለችኝ። ሁለት ዓመት ስጠብቅ ቡና እምቢ የሚል ሐበሻ አላየሁም። ውሸቷን ነው ብዬ ነበር።"

ደረቁ ወንዝ

መተማንና ገላባትን የሚለያቸው ደረቅ ወንዝ ነው። ወዲህ ጣሊያን፣ ወዲያ እንግሊዝ ቆመዋል። ይሁንና በገበያ ቀን ነጋዴው አሸዋው ላይ ወርዶ ጭነት እንዲለዋወጥ ዝም ይሉታል። ሐጃ ዘይነብ መልእክት ላከች። በማግስቱ ጆንያዎቼን አሸዋው ላይ ደርድሬ ሳስመዝን፣ እንደ ሱዳን ሴቶች ሰማያዊ ቶብ የተጠቀለለች ሴት ከማዶ ወረደች። በአካሄዷ አወቅኋት።

"ከሳህ" አለችኝ።

"አንቺም ጠቁረሻል።"

አልተቃቀፍንም፣ ወታደሮቹ ያያሉ። ጆንያው በመካከላችን ነበር። ፍሬውን በእጇ ዘግና አሸተተችው፣ ረጅም ጊዜ። "የጓሯችን ነው" አለች።

"ነይ እንሂድ፣ እንጉዳይ።"

"አባዬ አሁን ሁለቱም እግሮቻቸው አይሄዱም። እህል የሚገባላቸው በኔ እጅ ነው። ለማን ጥያቸው ልምጣ?"

"እንግዲያው እኔ ልሻገር።"

"የጣሊያን ወረቀት ያለ ዋስ አይሰጥም፤ ዋስህ ማነው?"

ዞር አልኩ። ሼህ ይማም ሚዛኑ ሥር ቁጭ ብለው ዳዊት የሚያህል ትንሽ የዓረብኛ መጽሐፋቸውን ያነባሉ። ወደ እኛ አይመለከቱም፤ ሆን ብለው ነው የማይመለከቱት። እሷም አየቻቸው፣ ገባት።

"ሽማግሌ አሳስረህ መጥተህማ እንቅልፍ አይወስድህም" አለችና ጠየቀችኝ፤ "ለመሆኑ ትተኛለህ?"

"አልተኛም።"

"ቡና ጀመርክ እንዴ?"

"አንድ ስኒም አልቀመስኩ።"

አፏን በቶቡ ጫፍ ሸፈነች። እየሳቀች መስሎኝ ነበር። አልነበረም።

ከማዶ ፊሽካ ሲነፋ፣ "ለሐጃ የሰጠኋት ከቤት ይዤው ከወጣሁት ገለፈት የመጨረሻው ነበር" አለችኝ። "ስትመለስ ምን አፈላልሃለሁ? ይዘህልኝ ና፣ አያሌው።" ስሜን አንድ ጊዜ ብቻ ጠራች። ከዚያ ወጣች፤ ማዶው ጫፍ ላይ ስትደርስ ዘወር አለች።

ወደ ቤት

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ጭልጋ ደርሰን ሼህ ይማም ከዋስትናው ወጡ። ደልጊ ላይ ስንለያይ "ከክረምት በኋላ እጠብቅሃለሁ፣ አውራ ጣቴ አልጠፋችም" አሉኝ።

ዘጌ ስገባ ጎረቤቶቼ ተሰበሰቡ። እንጉዳይ በሕይወት እንዳለች ስነግራቸው እልል አሉ፣ ቡናም ቀረበ። እኔም ተቀብዬ ሦስቱንም ስኒ ጠጣሁ፣ ሁሉም ገርሟቸው አፋቸውን ከፈቱ። ሲነጋ ዓይኔ እንደፈጠጠ ነበር። እንደ ትናንትናው፣ እንደ አምናው። ያን ሁሉ መንገድ ሄጄ የተማርኩት ይህን ነው፦ ከሄደች ወዲህ እንቅልፌን የወሰደው ቡና አልነበረም።

አሁን ጀንፈሉን የምወቅጠው ራሴ ነኝ። ፍሬውን ለሰው ሰጥቼ ገለፈቱን አንድ በአንድ እለቅማለሁ፣ አንድ ጆንያ ሊሞላ ነው። ጎረቤቶቼ "አያሌው ገለፈት ጭኖ መተማ ሊወርድ ነው" እያሉ ይስቃሉ። ይሳቁ። ጆንያውን ዓሣ ከማይደርስበት ቦታ ሰቅዬዋለሁ።