እንደሻውና የሚበሰብሰው ጫማ

እንደሻው መንገደኛ ሲያልፍ ፊቱን አያይም፤ እግሩን ነው የሚያየው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አሰላ መናኸሪያ አጠገብ ጫማ ሲሰፋ ስለኖረ የከተማውን ሰው በስሙ ሳይሆን ተረከዙ በሚያልቅበት ጎን ያውቀዋል። «እገሌ መጣ» የሚለው ቀና ሳይል ነው። ይህ ልማድ ድሮ ያኮራው ነበር። ካለፉት ሦስት ዓመታት ወዲህ ግን መከራው ሆነ። ከሚያልፉት እግሮች ላይ እሱ ያልሰፋቸው፣ ግን የማን እጅ እንደሰፋቸው አሳምሮ የሚያውቃቸው ጫማዎች እየበዙ መጡ። የናዝሬት ጫማዎች።

ናዝሬት ሠላሳ ዓመት ያልሞላት የአቦምሳ ልጅ ናት። ልትማር አሰላ መጥታ፣ ዲፕሎማዋን ይዛ ሥራ ስታጣ፣ ሁለት ወር እንደሻው ጎን ቁጭ ብላ የወስፌ አያያዝ ለመደች። ሁለት ወር! እንደሻው ይህን ቁጥር ለሰው ሁሉ ይናገራል፤ ለሚሰማውም ለማይሰማውም። የቀረውን ከስልኳ ላይ ቪዲዮ እያየች ተማረችና ከመንገዱ ማዶ የራሷን ሱቅ ከፈተች። ከአሮጌ የመኪና ጎማ ሶል ትቆርጣለች፤ ከተጣለ ጂንስ ሱሪ ገበር ታወጣለች። ነርሶቹ፣ መምህራኑ፣ የቢሮ ሠራተኞቹ ሁሉ እሷ ዘንድ ነጎዱ። ለመሆኑ ጎማ ቆርጦ ጫማ ማድረግ የማን ሥራ ነበር? እንደሻው ከአባቱ ጋር በርባሶ ሲቆርጥ ያደገ ሰው ነው። ያኔ «የድሃ ጫማ» ይሉት ነበር። እሷ ስትቆርጠው «ለአካባቢ ተስማሚ» ተባለ። ታዲያ አንጀቱ እንዴት አይረር!

ይባስ ብሎ ልጅቷ ሰው አክባሪ ናት። በየጠዋቱ መንገዱን አቋርጣ «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?» ትለዋለች። ባለጌ ብትሆንለት እንዴት በቀለለው! ሚስቱ የውብዳር «ቆይ ግን ምን አደረገችህ?» ስትለው ወሬ ይቀይራል። ምንም አላደረገችውም። የሚያናድደውም ይኸው ነው።

ነገሩ የባሰበት መምህር ነህምያ ከሌላ ክልል ተመድቦ ወደ ኮሌጁ ሲመጣ ነው። ነህምያ ቦይ ውስጥ የተወተፈ ኮንጎ ጫማ ባየ ቁጥር የሚበሳጭ ሰው ነው። ያ የፕላስቲክ ጫማ ከከተማው ቦይ እስከ ገብስ ማሳው ድረስ ሞልቷል፤ ባለቤቱ ሞቶ አፈር ሲሆን እሱ አፈር አይሆንም። መምህሩ ደጅ ጠንቶ ጠንቶ አንድ ሼድ አስፈቀደ። ሼዱ ውስጥ ከአሮጌ ጎማና መልሶ አፈር ከሚሆን ቆዳ በቀር ሌላ ነገር አይሠራበትም። ዋናው አስፋልት ዳር ነው፣ ማሽን ተገጥሞለታል፣ በሩ ላይ የባለሙያው ስም በትልቁ ይጻፍበታል። ማን ይረከበው? በውድድር ይለይ ተባለ።

ለሰባት ጫማ ሰሪዎች ከአንድ በሬ ላይ የተቆረጠ ጥሬ ቆዳ እኩል ታደላቸው። እያንዳንዱ ቆዳውን በራሱ ዘዴ አልፍቶ፣ በተሰጠው ልክና ሞዴል አንድ እግር ጫማ ይሰፋል። ማስቲሽ ክልክል፣ ምስማር ክልክል፣ የናይለን ክር ክልክል። ስፌቱ ተጎትቶ ጥንካሬው ከታየ በኋላ ጫማው ኮሌጁ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ሰኔ መግቢያ ላይ ይቀበርና ጥቅምት መጨረሻ ይወጣል። አብልጦ የበሰበሰው ያሸንፋል።

እንደሻው ይህን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ዕድሜውን ሙሉ ጫማ እንዳይበሰብስ ሲታገል ለኖረ ሰው የሚበሰብስ ሥራልን ይሉታል! ሳቁን ያቆመው ናዝሬት መመዝገቧን ሲነግሩት ነው። ዕለቱኑ ሄዶ ተመዘገበ።

ቆዳውን አባቱ ያለፋ እንደነበረው በእምቧይና በአሬራ አሸው። እምቧዩ መቼ እንደሚለቀም፣ አሬራው ስንት ቀን ሰንብቶ እንደሚገባ፣ ለየውብዳር እንኳ ነግሯት አያውቅም። ናዝሬት ከስልኳ ባገኘችው ዘዴ የግራር ቅርፊት አፍልታ የሷን ነከረች። ሰባቱም ጫማዎች ስም የተጻፈበት ቆርቆሮ በታሰረበት የሽንኩርት ከረጢት እየሆኑ ተቀበሩ። ከአንድ ቆዳ በአንድ ልክ የተሠሩ ስለሆኑ በሌላ ሰው ዓይን መንትያ ናቸው።

እንደሻው ቤቱ ገብቶ ምሳ ሲቀርብለት አንድ ነገር ትዝ አለውና እጁን ከገበታው ላይ ሰበሰበ።

«ሞራ ቀብቼዋለሁ» አለ።

«ምኑን?» አለች የውብዳር።

«ጫማውን ነዋ! ሰፍቼ ስጨርስ እጄ ሳያስበው በሞራ ወለወለው። ውሃ እንዳያስገባ አድርጌ ቀበርኩት!»

«ሄደህ ንገራቸዋ።»

«ምን ብዬ? እጄ ለምዶ ነው ብዬ?»

ያን ክረምት በእንደሻው ላይ የደረሰውን እሱ ነው የሚያውቀው። ዝናቡ በወረደ ቁጥር የናዝሬትን ጫማ አርሶ የሚያፈርስ፣ የእሱን ግን አጥቦ የሚያልፍ ይመስለዋል። ማታ ሲተኛ የሼዱ በር ይታየዋል፤ በሩ ላይ «ናዝሬት» ተብሎ በአረንጓዴ ቀለም ተጽፏል። ለምን አረንጓዴ እንደሆነ አያውቅም፤ ብቻ አረንጓዴ ነው። የናዝሬት ደንበኞች ሲስቁ የሚስቁት በእሱ ላይ ይመስለዋል። አንድ ቀን የገዛ ጎረቤቱ የእሷን ጫማ አድርጎ ሲያልፍ ቢያየው ሳምንት ሙሉ ሰላምታ ነሳው።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ በፍልሰታ ጾም፣ አላስችል አለው። የችግኝ ጣቢያው ዘበኛ ሚፍታ የቆየ ወዳጁ ነው። የሚፍታን የተገነጠለ ቡትስ ሰፍቶ፣ እሱን ሰበብ አድርጎ ሄደ።

«አካም ጂርታ፣ እንደሻው!» አለ ሚፍታ ደስ ብሎት። «ለዚህ ብለህ በዝናብ መጣህ? እኔ እመጣ የለም እንዴ!» ቡትሱን አገላብጦ አይቶ መረቀው። የቀትር ሶላት ሰዓት ደርሶ ነበርና «እንግዲህ አንተ ካለህ እኔ ልስገድ፤ ተመልሼ እስክመጣ በሩን እይልኝ» ብሎት ሄደ።

በሩን እንዲያይ አደራ የተሰጠው ሰው ቀጥታ ጫማዎቹ ወደተቀበሩበት መደብ ሄዶ በእጁ መቆፈር ጀመረ። በመጀመሪያ የራሱን አወጣ። እንደተቀበረ ነው፤ ውሃው በሞራው ላይ ኳለል ኳለል ይላል። ቀጥሎ የናዝሬትን ከረጢት ሲከፍት ክው አለ። ነጭ ሻጋታ ከአፍንጫው እስከ ተረከዙ አልብሶታል፤ ሽታው ያስነጥሳል። ሌላ ምን ምስክር ይፈለጋል? ሼዱ ከእጁ ወጣ። ሁለቱን ቆርቆሮዎች ፈታ፤ የራሱን በሷ፣ የሷን በራሱ ከረጢት ላይ አሰረና አፈሩን መለሰ።

ሚፍታ ሲመጣ እንደሻው በሩ ላይ ቆሟል።

«እጅህ ምነው ጭቃ ሆነ?»

«አረም ነቀልኩልህ።»

«አላህ ይስጥህ ወንድሜ» አለ ሚፍታ። እንደሻው ያን ዕለት ቅዳሴ እስኪወጣ ጾሞ የውብዳር ያቀረበችለትን ሽሮ ሳይነካው መለሰው።

የሚገርመው፣ መስከረም ሲጠባ ነፃነት ተሰማው። ናዝሬትን ቀድሞ ሰላም ማለት ጀመረ። «ጋሼ ዘንድሮ ምን ተገኘ?» ብላ ሳቀች። ሼዱ ድረስ ሄዶ የበሩን ስፋት በስንዝር ለካ፤ «እንደሻው» የሚለው ስም ሳይጠብ ይገባል። ልጅቷ አልፎ አልፎ ታሳዝነው ሁሉ ጀመር፤ ያሸነፈ ሰው ማዘን አያቅተውም።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሰው ተሰበሰበ። ሚፍታ ቆፈረ፣ መምህር ነህምያ ከረጢቶቹን እየፈታ ጠረጴዛ ላይ አኖራቸው። የአምስቱ ሰሪዎች ጫማ ላላ ላላ ብሏል እንጂ ጫማነቱን አልተወም። «እንደሻው» የሚል ቆርቆሮ የታሰረበት ሲፈታ ሻጋታው በውሃ ታጠበ፤ ከሥሩ እንደ ጣውላ የጠነከረ ቆዳ ብቅ አለ። እንደሻው የሚያየውን ማመን አቃተው።

«ይሄ በቅርፊት የለፋ ሳይሆን አይቀርም» አለ ነህምያ እያገላበጠ። «ቅርፊት ቆዳን ከመበስበስ ይጠብቃል። ሻጋታው የላይ የላዩን ነው።»

«ናዝሬት» የሚለው ሲፈታ ጠረጴዛው ላይ ጥቁር አፈር ፈሰሰ። አፈር፣ ትልና አውራ ጣት የምታህል የተረከዝ ቁራጭ፤ ሌላ ነገር የለም። ትሉ ሞራውን ተከትሎ ገብቶ፣ በእምቧይና በአሬራ የለሰለሰውን ቆዳ ጥርግ አድርጎ በልቶታል። ሰዉ አጨበጨበ። ነህምያ አፈሩን በእጁ ዘግኖ «ይኸውላችሁ፣ ይሄ ነው ጫማ!» አለ። እንደሻው ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። «የኔ ነው!» ብሎ ሊጮህ አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። የኔ ነው ካለ፣ እንዴት የሷ ስም ታሰረበት ይሉታል።

ናዝሬት የሼዱን ቁልፍ ተቀብላ ስታበቃ ጎንበስ ብላ የተረከዙን ቁራጭ አነሳች። አገላበጠችው። ብዙ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ እሱን አየችው።

ከሰዓት በኋላ ሱቁ ድረስ መጣችና ደንበኛ የሚቀመጥባት በርጩማ ላይ ቁጭ አለች። ቁራጯ በእጇ ነበረች።

«ጋሼ፣ ይሄ የኔ ጫማ አይደለም።»

እንደሻው ወስፌውን አላስቀመጠም።

«ስፌቱ ወደ ግራ የተኛ ነው። በግራ እጅ የሚሰፋ ሰው ከእርስዎ ሌላ አናውቅም። ሁለት ወር አጠገብዎ ቁጭ ብዬ ያየሁትን ስፌት እንዴት እስተዋለሁ?» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ለምን ሰጡኝ? አሳዘንኩዎት? ስንት ጊዜ ሼዱ በር ላይ ቆሜ ስመለስ አይተውኝ ነው አይደል? ጋሼ፣ እግዜር ያክብርልኝ፣ ግን አልወስደውም። አሁኑኑ መምህር ነህምያ ጋ ሄጄ ‹ጋሼ አዝነውልኝ ነው የራሳቸውን በኔ ስም ያደረጉት› እለዋለሁ። ቁልፉ የእርስዎ ነው።»

ቁልፉን የቆዳ ቁርጥራጭ በሞላበት ሳጥን ላይ አስቀመጠችው።

ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ዝም ካለ ሼዱ የእሱ ነው፤ ስሙ በሩ ላይ ይጻፋል። በዚያ ላይ ለልጅ ሲል አሸናፊነቱን የለቀቀ ደግ ሰው ተብሎ በከተማው ይወራለታል። ግን አንገቷን ደፍታ፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ ሲያያት ያ የለመደው ቅናት ተነሳበት። አሸንፋ የተቀበለችውን ቁልፍ እንዲህ በቀላሉ መለሰችለት! እሱ አደራ በልቶ ሊቀማት የነበረውን፣ እሷ ሳትለመን ሰጠችው። ከደንበኞቿም፣ ከሼዱም፣ ከሁሉ ይልቅ ያስቀናው ይሄ ነው። በዚህስ አትበልጠኝም አለ በልቡ።

«አልሰጠሁሽም» አለ።

«እንዴት?»

«ልቀማሽ ነበር። ነሐሴ ላይ ሚፍታ በሩን እይልኝ ብሎኝ ሲሄድ ቆፍሬ አየሁ። ያንቺ የበሰበሰ መስሎኝ ነው ቆርቆሮውን የቀየርኩት። ቀንቼብሽ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ቀንቼብሻለሁ፤ እዚህ ተቀምጬ እግር እየቆጠርኩ። በቃ፣ ይኸው ነው።»

ከመናኸሪያው «ሳጉሬ! ሳጉሬ አንድ ሰው!» የሚል የረዳት ድምፅ ይሰማል። የናዝሬት ፊት መጀመሪያ ያልገባው ሰው ፊት ነበር፤ ቀስ እያለ ጠቆረ። እጇን ሰዳ ቁልፉን ከሳጥኑ ላይ አነሳችና ኪሷ ከተተችው።

«እንደዚያ ከሆነ አልመልስልዎትም» አለች።

«አትመልሺ።»

ተነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ ግን ቆመች። ሄዳ በር ልትዘጋበት እንደፈለገች ያስታውቃል፤ የያዘቻት ቁራጭ ግን አላስኬዳትም። በጣቷ ፈተገቻት፤ እንደ ዳቦ ፍርፋሪ መሬት ላይ ተበተነች።

«ቆዳውን ግን በምን ነው ያለፉት?» አለች ጀርባዋን እንደሰጠችው። «ሼዱ ውስጥ የሚሠራው ሁሉ እንዲህ እንዲሆን ነው የምፈልገው። እኔ አንድ ዓመት ሞክሬ አልሆነልኝም።»

እንደሻው እስከ ዛሬ ከወሰደችበት ሁሉ ይህኛው ከበደው። ሼዱን ወስዳለች፣ ደንበኛውን ወስዳለች፣ አሁን ደግሞ ለሚስቱ እንኳ ያልነገራትን የአባቱን የቆዳ ማልፊያ ዘዴ ይዛ ልትሄድ ነው።

«እሱን እንኳ ተይልኝ» አለ።

ናዝሬት ዞር አለችና ሳታስበው ሳቀች፤ ቀልድ መስሏት ነበር። እሱ ግን የምሩን ነው።