ሚጢጢና ከባሕር የሚወጡት አውሬዎች

የሰፈሩ ሰው «ሚጢጢ» የሚለው ሊቀልድበት ነው። በበር ሲገባ አንገቱን ደፍቶ፣ ታክሲ ሲሳፈር ጉልበቱን አገጩ ሥር ወሽቆ የሚሄድ ሎጋ ሰው ነው። ሥራው ግን ለቅጽል ስሙ ልክ ነው። በአንድ የሕንፃ ዲዛይን ቢሮ ውስጥ ሞዴል ይሠራል፤ ከተማውን፣ ሊሠሩ የታሰቡትንም ሕንፃዎች፣ ከነመንገዳቸውና ከነዛፋቸው በካርቶንና በስስ እንጨት አሳንሶ ጠረጴዛ ላይ ያቆማል። በወረንጦ ይዞ የሚያጣብቃቸው ቤቶች ከጥፍር አይበልጡም።

ወደዚህ ሥራ ያስገባው ፊልም ነው። ልጅ ሳለ አጎቱ ሲኒማ ቤት ይዞት ሄደ። ፊልሙ የጃፓን ነበር፤ ባለቀንድ፣ ቆዳው እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቀ፣ ከፎቅ የሚበልጥ አውሬ ከባሕር ወጥቶ ከተማ ሲረግጥ ያሳያል። አዳራሹ በልጆች ጩኸት ሲናጥ እሱ ዓይኑን የጣለው አውሬው እግር ሥር ነበር። አንዲት ቤት ጣሪያ ላይ ልብስ ታጥቦ ተሰጥቷል፤ መሐረብ የማታህል ሸሚዝ በነፋስ ትወዛወዛለች። ወዲያው እግሩ መጣና ሁሉም አቧራ ሆነ።

«አጎቴ፣ ሸሚዟን ማን ነው ያሰጣት?»

«የምን ሸሚዝ? አውሬውን እያልኩህ!»

ያ ከተማ በሰው እጅ የተሠራ መሆኑን ያወቀው ካደገ በኋላ ነው። ነገ ተረግጦ ለሚጠፋ ቤት ተጨንቆ ሸሚዝ የሚሰቅል ሰው አለ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ እነዚያን ፊልሞች እያሳደደ ማየት ሆነ ሥራው።

ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ የሚኖረው ከአማቱ ጋር ነው። ዘመድ አዝማዱ «ልጃቸው ከሌለች ምን ያገናኛቸዋል?» ብሎ ነበር። ያገናኛቸው ይኸው ፊልም ሆነ። እራት በልተው ሳህን ካነሱ በኋላ ከሱቅ በፍላሽ ያስገለበጠውን ይከፍታል። ጃፓንኛ የሚሰማ ስለሌለ ትርጉሙን አማቱ ከራሳቸው ያፈልቁታል።

«ይቺ ሚስቱ ናት። አትሂድብኝ እያለችው ነው።»

«እማማ፣ ጄነራሉ ነው እኮ የሚያናግራት።»

«ጄነራል ሚስት የለውም ያለህ ማን ነው?»

አውሬው ብቅ ሲል ደግሞ ከመቀመጫቸው ይነሳሉ። «ና! ና የኔ ጌታ! ያንን የመስታወት ፎቅ እንዳትምረው!» ይላሉ፣ እጃቸውን እያጨበጨቡ። አንድ ቀን ሚጢጢ እየሳቀ ጠየቃቸው፤ «እማማ፣ ይሄን ያህል የሚወዱለት ምኑን ነው?»

አሰብ አደረጉ። «ሲመጣ ይሰማላ! ምድሩ ይንቀጠቀጣል፣ ውሻው ይጮኻል፣ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ያየዋል። ልጄን የወሰዳት ነገር ኮሽታ አልነበረውም።»

ሚጢጢ ሳቁን ዋጠው።

በቢሮው ትልቁ ክፍል ውስጥ ሚጢጢ ሁለት ዓመት የደከመበት የከተማው ሞዴል አለ። ወንዙ፣ ድልድዩ፣ ገበያው፣ ሁሉም አለበት። የራሱም ሰፈር አለበት። ማንም ልብ ባይለውም፣ ቤቱ ጣሪያ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል የውሃ ሮቶ አስቀምጧል።

አንድ ማክሰኞ የቢሮው ኃላፊ መጣ። ወጣት አርክቴክት ነው፤ ትሑት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ።

«ጋሼ፣ ከወንዙ እስከ ዋናው መንገድ ያለውን ያነሱልኛል? ሐሙስ እንግዶች አሉብን።»

«ማንሳት ማለት?»

«ቆርጠው ያውጡት። ቦታውን አረንጓዴ ይቀቡና ዛፍ ዛፍ ያድርጉበት። አዲሶቹን ፎቆች ቀስ ብለን እንተክላቸዋለን።» በእርሳሱ ከበበው። ክቡ የሚጢጢን ቤት ዋጠ።

ሚጢጢ ክቡን በጣቱ ነካ። «እዚህ ሰው ይኖራል እኮ።»

«ጊዜው ሲደርስ ይነገራቸዋል። እስከዚያ ከዚህ ክፍል ወሬ እንዳይወጣ፣ ጋሼ። እርስዎን አምናለሁ።» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ፈገግታው ውስጥ ቅንጣት ክፋት አልነበረም፤ ሚጢጢን ብርድ ብርድ ያሰኘውም ይኸው ነው።

መጋዙን አነሳ። ጠዋት ጠዋት የሚሄድባትን መንገድ ተከትሎ ቆረጠ። ቁራጩ ከአንድ ትሪ አይበልጥም፤ ሙሉውን ሰፈር በሁለት እጁ አነሳው። ሊጥለው ግን አልሆነለትም። በጋዜጣ ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ወሰደና አልጋው ሥር ደበቀው።

ይዞት ሲያልፍ ሰፈሩ እንደወትሮው ነበር። የሰፈሩ ፀጉር ቆራጭ ከደጁ ላይ እጁን አነሳለት። አንዷ ጎረቤት ምንጣፍ ታራግፋለች። ወንዙ ዳር ግን ሚጢጢ አይቷቸው የማያውቃቸው ሁለት ሰዎች ባለሦስት እግር የመሬት መለኪያ መሣሪያ ተክለዋል፤ አንደኛው ዓይኑን ሌንሱ ላይ ደቅኖ ቤቶቹን ተራ በተራ ያያል። ልጆች ፊት ለፊቱ እየዘለሉ ምላሳቸውን ያወጡበታል። ሰውየው አልሳቀም፣ አልተቆጣም። ልጆቹን አልፎ የሚያይ ይመስል ነበር።

የዚያን ዕለት ምሽት ፊልም ከፈቱ። በእነዚህ ፊልሞች ሁሉ አውሬውን አስቀድሞ የሚያይ አንድ ሰው አይጠፋም፤ በዚህኛው ዓሣ አጥማጅ ነው። እየሮጠ መንደር ይገባል፣ ይንተባተባል፣ ሰው ይስቅበታል። ሚጢጢ ይህን ሰው ሲያይ ሁልጊዜ ይናደድ ነበር። «አፉን ሞልቶ አይናገርም እንዴ!» ይላል። ያን ቀን ዝም አለ።

አማቱ ከቴሌቪዥኑ ላይ ዓይናቸውን አንስተው እሱን አዩት። «አንተስ ምን አየህ?»

«ምንም።»

«ፊትህ እንደሱ አይልም» አሉና ወደ ፊልሙ ዞሩ።

ቅዳሜ ሚጢጢ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ሲመለስ፣ ቁራጩ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። አማቱ ሲጠርጉ አግኝተውት፣ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ ብለውበታል። ጣታቸው ሮቶዋ አጠገብ ቆሟል።

«ይሄ የኛ ቤት ነው።»

«ነው።»

«ማን ቆረጠው?»

«እኔ።»

አማቱ መነጽራቸውን አወለቁ። «መቼ ነው የሚመጡት?»

«አላውቅም እማማ። ለማንም እንዳትናገር ተብያለሁ።»

«እንግዲህ እኔ አልተባልኩም። ተነስ።»

ቁራጩን በፎጣ ሸፍነው ፀጉር ቤቱ ሄዱ። ቅዳሜ ሰፈሩ ሁሉ የሚሰበሰበው እዚያ ነው። ሚጢጢ ቆሞ ለመናገር ሞከረ፤ ራሱ ጣሪያውን ሊነካ ምንም አልቀረውም፣ ድምፁ ግን ከጎኑ ካሉት አላለፈም። ቢሮውን፣ ክቡን፣ ዛፉን እየቀላቀለ ተናገረ። ፀጉር ቆራጩ መቀሱን አስቀምጦ የራሱን ሱቅ ቁራጩ ላይ ፈለገና አገኘ።

«የኔ ቤት እንዲህ ያምራል እንዴ?» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። «ስማ ሚጢጢ፣ ፊልም በዝቶብሃል። ትፈርሳላችሁ ስንባል ስንት ዘመናችን ነው?»

«ቢፈርስም ለልጅ ልጆቻችን ነው!» አለ ወንበሩ ላይ ያለው፣ ግማሽ ጢሙን እንደተላጨ።

ቁራጩ እንደ መጫወቻ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሁሉም የራሱን ቤት እየፈለገ ይደሰታል። አንዷ ሴት ስትቀበል አውራ ጣቷ አንዱን ጣሪያ ጨፈለቀው። «ውይ! የማን ቤት ነበር?» አለች ደንግጣ። ማንም የኔ ነው አላለም።

ከዚያ በኋላ ለወራት ምንም አልሆነም። ሚጢጢ ባለፈ ባገደመ ቁጥር «አውሬህ የት ደረሰ?» ይሉታል። እሱም ውሎ አድሮ «ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል» ማለት ጀመረ። ነገር ግን የተቃጠለ የመንገድ መብራት የሚቀይር ጠፋ። ቆሻሻ የሚያነሳው መኪና መምጣቱን ተወ። በኋላም አንድ ረፋድ፣ ሰው ሥራ ላይ ሳለ፣ በየግድግዳው ላይ የማፍረሻ ምልክት በቀይ ቀለም ተቀባ። ከሥራ የተመለሰው ሁሉ በየራሱ ምልክት ፊት ቆሞ ሲያፈጥ አመሸ። እንደዚያን ቀን ጸጥ ያለ ሰፈር ሚጢጢ አይቶ አያውቅም።

እሱና አማቱ ከከተማው ማዶ ሁለት ክፍል ተከራይተው ቀድመው ወጡ። ዕቃ ሲጭኑ የረዳቸው ጥቂት ነው። ከጀርባቸው «አስቀድሞ ያወቀው የነሱ ሰው ቢሆን ነው» የሚል ሹክሹክታ ሰሙ። አማቱ ዞር ሳይሉ ዕቃቸውን ጫኑ።

ማፍረሻዎቹ የመጡ ዕለት ሊያዩ ሄዱ። ፀሐያማ ጠዋት ነበር። ቢጫዎቹ ማሽኖች ሳይቸኩሉ፣ ተራ በተራ ገቡ። የሮጠ ሰው የለም፣ የጮኸም የለም። ጎረቤቶቹ ፍራሽና ድስት ተሸክመው እየተላለፉ «ቀስ፣ እንዳይሰበር» ይባባላሉ። ግድግዳ ሲወድቅ ድምፁ ጆንያ ከትከሻ እንደማውረድ ያለ ነው። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ከወንዙ እስከ ዋናው መንገድ ወለል ብሎ ታየ።

ፀጉር ቆራጩ ትልቁን መስታወት በጀርባው አዝሎ አጠገባቸው ደረሰ። መስታወቱ ውስጥ አቧራና ሰማይ ይታያል።

«ለምን ጮክ ብለህ አልነገርከንም?» አለው።

«ነገርኩህ እኮ።»

«ነገርከኝ። ጮክ ብለህ ግን አልነበረም።» መስታወቱን አስተካክሎ አዝሎ ሄደ።

ሚጢጢ እስካሁን እዚያው ቢሮ ይሠራል። ለምን አልተወውም ቢባል፣ በዚህ ዕድሜ ሌላ ምን ይዞ ይነሳል? በአዲሱ ቤት ፊልሙ ቀርቷል። አማቱ መስኮት ዳር ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ። እሱ ሲገባ «ዛሬ ምን ሠራህ?» ይሉታል፤ «ዛፍ» ይላል። በሌላውም ቀን ዛፍ። ስፖንጅ እየቆረጠ፣ አረንጓዴ እየነከረ፣ በሽቦ ላይ እየሰካ።

ባለፈው ወር አርክቴክቱ እርሳሱን ይዞ መጣ። ከገበያው ጀርባ፣ ኮረብታው ላይ ያሉትን ቤቶች ከበበ። «ጋሼ፣ ይቺን ደግሞ» አለ፣ በዚያው ለስላሳ ድምፅ።

«እነማን ናቸው እዚህ የሚኖሩት?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ጋሼ?»

ሚጢጢም አያውቃቸውም። ኮረብታው ላይ አንድ ዘመድ፣ አንድ ወዳጅ የለውም። ቤት ገብቶ «ዛሬ ምን ሠራህ?» ሲባል፣ «ገና አልቆረጥኩትም» አለ። አማቱ ገባቸው። እሑድ ጠዋት ጫማውን ሲያስር ሹራባቸውን ደርበው በሩ ላይ ጠበቁት።

«እማማ፣ ዳገት ነው፤ ይደክምዎታል።»

«ብቻህን ማን ሊሰማህ? ቁመት እንጂ ድምፅ የለህ።»

በአውቶቡስ ሄዱ፣ ዳገቱንም እያረፉ ወጡ። ሰፈሩ ጭር ያለ ነበር። የመጀመሪያውን በር፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር፣ ሚጢጢ አንኳኳ። እጇ በሳሙና አረፋ የተነከረ ሴት ከፈተችና በመጀመሪያ ወደ ላይ እሱን፣ ቀጥላ ወደ ታች አሮጊቷን አየች።

«ማንን ፈልጋችሁ ነው?»

ሚጢጢ አፉን ከፈተ።

«የኔ ልጅ፣ ጎረቤቶችሽን ጥሪያቸው!» አሉ አማቱ፣ መንገዱ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ። «ሁሉንም!»

ከየበሩ ራስ ብቅ ብቅ አለ። ማዶ ደረጃ ላይ የተቀመጠ ጎልማሳ ረጅሙን ሰውዬና ትንሿን አሮጊት አይቶ ጎኑ ያለውን በክርኑ ነካው። ገና ምንም ሳይሰማ መሳቅ ጀምሯል።