የቬንደል ግራ ዓይን

ጎረቤቴ ቬንደል በከተማችን ባቡር ጣቢያ ሠላሳ ስምንት ዓመት ቀይና አረንጓዴ መብራት ሲጠብቅ ኖሮ ጡረታ ወጣ። በዓይኑ ይመካል፤ አንዳንዴማ ያበዛዋል። ሰማዩ በጠራ ቁጥር ከፕሪም ዛፉ ፈንጠር ብሎ አንድ ቀይ ኮከብ ያያል። ድምቀቱን አጠገቡ ካሉ ሁለት ነጭ ኮከቦች ጋር አወዳድሮ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ይህን ሲያደርግ አርባ አንድ ዓመቱ ነው።

ኮከቡ የዋዛ አይደለም። ከፀሐይ ሃያ እጥፍ ይከብዳል ይላሉ። አርጅቶ አብጧል፤ ገላውንም አቧራ እያደረገ በዙሪያው ይበትናል። አቧራው ሲወፍር ይደበዝዛል፣ ሲሳሳ ይደምቃል። ሬካ የምትባል የቡዳፔስት ልጅ ከቬንደል ደብተር ተነስታ ኮከቡ ምን ያህል ክብደት እንዳጣ አሰላች። ላለፉት አሥራ አምስት ዓመታት እየደመቀ ስለመጣ አቧራው ሳስቷል ብላ የዶክትሬት ጽሑፏን ጨረሰች። ዓርብ ፈታኞቿ ፊት ትቀርባለች።

ማክሰኞ ቬንደል የቀኝ ዓይኑን ሞራ አስገፈፈ። ረቡዕ ጠዋት ፋሻው ተነስቶለት ግቢ ሲወጣ ሚስቱ ፒሮሽካ አንሶላ ታሰጣለች፤ እኔ አጥሩን ተደግፌያለሁ። አንዱን ዓይኑን በእጁ ከደነ፤ ቀጥሎ ሌላውን።

“ፒሮሽካ፣ ይሄ አንሶላ ነጭ ነው ቢጫ?”

“ምን ማለትህ ነው? አሁን አጥቤው!”

“በቀኙ ነጭ ነው፤ በግራው ቢጫ።”

“ጉድ እኮ ነው! ዓይን ሲያወጣ እጥበቴን ማቃለል ጀመረ።”

እኔ ሳቅሁ። እሱ ግን ፊቱ አመድ መሰለ። ሞራው እንደ ቢጫ መስታወት ነጮቹን ኮከቦች ሲያደበዝዝበት ኖሯል፤ ቀዩን ብዙም አልነካበትም። ቀዩ የደመቀ የመሰለው ለዚህ ነበር።

እዚያው ቆሞ ለሬካ ደወለላት።

“ሬካ ልጄ፣ ያ ድምቀት የኮከቡ አይደለም። የኔ ዓይን ነው።”

“ከየትኛው ዓመት ጀምሮ ልቁረጠው፣ አባባ?”

“አላውቅም። ቀስ እያለ ነው የመጣብኝ።”

“ሐኪሙስ?”

“እሱም አያውቅም።”

ዓርብ ሳትቀርብ ቀረች።

“ዝም ብትል ማን ያውቅብህ ነበር?” ብዬ ጮህኩበት። ስለ ልጅቷ አንጀቴ አርሮ ነበር።

“ቀይ እያየሁ አረንጓዴ ነው ብዬ አውቃለሁ?” አለኝ።

ግራ ዓይኑን በወሩ እንዲታከም ቀጠሮ ተይዞለት ነበር፤ አልሄደም። በሁለቱ ዓይኖቹ በየተራ እያየ፣ ልዩነቱን እየለካ፣ ደብተሩን ላቃና ብሎ ተነሳ። ልዩነቱ ግን የዛሬውን እንጂ የድሮውን አይነግረውም። ያን እሱም ያውቃል። ሬካ እየመጣች “አባባ፣ የኔስ ይቅር፣ ይታከሙ” ብትለው “በምን ልለካልሽ?” ይላታል። እኔም ለምኜዋለሁ፣ ሰድቤዋለሁ፤ ምንም ማድረግ አልቻልኩም።

ይኸው ሁለት ዓመት ሆነ። ባለፈው ሳምንት ፒሮሽካ አንሶላዋን አስጥታ ቬንደልን ፊት ለፊቱ አቆመችውና ቀኝ ዓይኑን በመዳፏ ከደነችበት።

“እሺ፣ አሁንስ ምን ዓይነት ቀለም ነው?”

ቬንደል አንገቱን ወዲያና ወዲህ አዞረ።

“ሰቅለሽዋል እንዴ?” አላት።