የዘማርያም ሁለተኛ ዓይን

ዘማርያም በዚያ ሰሞን ከገዛ ፊቱ ጋር ተጣልቶ ነበር። ለልጆች መጻሕፍት ሥዕል እየሣለ የሚኖር ሰው ነው፤ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከአንድ ፎቶ ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ቤቱ ጅቡን፣ አህያውን፣ ጦጣውን ሲያሳምር ዓመታት አልፈዋል። አንድም መጽሐፍ ላይ ግን ስሙ ወጥቶ አያውቅም። አሁን ገና አሳታሚዋ ፀደንያ ከአዲስ አበባ ደውላ የራሱ ተረት በራሱ ስም ሊታተም መሆኑን አበሰረችው። ለጀርባ ሽፋኑም ፎቶ ሳይሆን ራሱን በካርቱን ሥሎ እንዲልክ፣ ከሰኞ እንዳያሳልፍ አስጠነቀቀችው።

ቀላል መስሎት ነበር፤ ምኑ ቀላል! መጀመሪያ ጭንቅላቱን አግዝፎ እግሩን አሳጥሮ ሣለ፤ ባለቤቱ የኔአለም የዕድራችን ሰብሳቢ ነው እንዴ አለችው። ጋቢ አከናንቦ ቢሥለው ሽማግሌ ሆነ። ዓይኑን እንደ ጃፓን ካርቱን አፍጥጦ ቢሥለው በሬ የሚያሳድደው ሰው መሰለ። ፊቱን በድንች ቅርጽ ሞከረው፤ የኔአለም ከሁሉም ድንቹ ይሻላል ብላ ሳቀችበት። ደሙ ፈላ። የጅብ ፊት የሚያሳምር ሰው እንዴት የገዛ ፊቱ ያቅተዋል? እርሳሱን ወረወረው፤ መልሶ ደግሞ አልጋ ሥር ተንበርክኮ ፈለገው።

በመጨረሻ በንዴት ራሱን ከጎን ሣለው። ያ ረጅም አፍንጫ፣ ያ ያኮረፈ ከንፈር፣ ጆሮው ላይ የተሰካው እርሳስ፤ የኔአለም ስታየው በቃ አንተ ነህ አለች። እፎይ ብሎ ግድግዳው ላይ ለጠፈው።

ይኼኔ አባቱ መሪጌታ ገዳሙ ዓይናቸውን ሊታከሙ ከዲማ መጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሣሉ ሰው ናቸው። የልጃቸውን ሥራ አንድ ቀን አመስግነው አያውቁም፤ አህያ መሣልም ሙያ ሆነ ወይ ይሉታል። ዘማርያም ምንም ቢነጫነጭባቸው፣ ያን መጽሐፍ ከሰው ሁሉ በፊት እንዲያዩለትና ጎሽ እንዲሉት የሚፈልገው እሳቸውን ነበር።

መሪጌታ ወደ ግድግዳው ተጠግተው ሥዕሉን አዩ። ምሳ ሲቀርብ አልበላም አሉ። የኔአለም ብትለምን ብትለምን ወይ ፍንክች። ዘማርያም ደግሞ ጀመራቸው ብሎ ተንገፈገፈ፤ ካርቱን እኮ ነው፣ የልጆች ጨዋታ ነው እያለ ቢያስረዳም ጆሮ አልሰጡትም። በኋላ ጣታቸውን ወደ ሥዕሉ ቀሰሩ።

«ማነው ይኼ?»

«እኔ ነኝ፣ አባየ።»

«ልጄን ከይሁዳ ጋር ማን አቆመው?»

ዘማርያም ክው አለ። እንዴት ረሳው! እሳቸው ሥር ቀለም እየበጠበጠ ያደገ ልጅ አይደል? በቤተ ክርስቲያን አሣሣል ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ከጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣሉት ሰይጣንና ይሁዳ፣ ጌታንም የሰቀሉት ናቸው። ቢሆንም ንዴቱ አልበረደለትም፤ ይኼ መጽሐፍ እንጂ መቅደስ አይደለም፣ እኔን የሚመስል ሌላ ሥዕልም የለኝም አላቸው።

መሪጌታ ተነሡ። ሥዕሉን ከግድግዳው አነሡ፤ እርሳሱን ከልጃቸው ጆሮ ላይ መዘዙ፤ ወረቀቱን አፍንጫቸው ሥር አድርገው በዚያ በደከመ ዓይናቸው ከአንዱ ዓይን አጠገብ ሌላ ዓይን ጨመሩ። ክብና ትልቅ፣ ለመላእክት የሚሥሉት ዓይነት ነበር። ዘማርያም አበላሹብኝ፣ ጉድ ሠሩኝ እያለ ጠረጴዛውን ደበደበ። እሳቸው ወደ የኔአለም ዞረው በይ አሁን ምሳዬን አምጪ አሏት።

ሌላ ለመሣል ጊዜም ትዕግሥትም አልቀረውም። እያጉረመረመ ያንኑ ሥዕል ፎቶ አንሥቶ ላከው። ፀደንያ ወዲያው ደወለች፤ በሳቅ እየፈረሰች ከጎን ተሥሎ በሁለት ዓይን የሚያይ ሰው ገጥሟት እንደማያውቅ፣ ሥዕሉን ከጀርባ አውጥታ ፊት ሽፋኑ ላይ እንደምታደርገው ነገረችው። ሐሳቡን ከየት አመጣኸው ስትለው ጥርሱን ነክሶ ዓይኑ የአባቴ ሥራ ነው አላት። እንግዲያው የእሳቸውም ስም ከስምህ ጎን መውጣት አለበት አለችው።

ስንት ዓመት ለብቻው የጠበቀው ስም! ስልኩን ዘጋና ወደ አባቱ ዞረ።

«ስምዎ ከስሜ ጎን ይውጣ ትላለች አሳታሚዋ» አለ በቁጣ።

መሪጌታ የጎረሱትን አላምጠው ዋጡ።

«መቼ ተለይቶህ ያውቃል?» አሉት።