ሽታዬና ያልደረሰው ባሕር ዛፍ

ሽታዬ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ውስጥ የበሽተኛ አንሶላ ስታጥብ ያረጀች ሴት ናት። ጡረታ ልትወጣ አንድ ዓመት ሲቀራት የዕቁቧ የመጨረሻ ዕጣ ደረሳትና በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚተርፍ ገንዘብ እጇ ገባ። ደስ አላላትም። የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ከጡረታ በኋላ የማንንም እጅ ሳያዩ መኖር። ገንዘቡ ደግሞ እቤት ከዋለ እንደማይበረክት ታውቃለች። ወሬው ከእሷ ቀድሞ ሰፈር ገብቷል።

ልጇ እየሩስ፣ «ባንክ አስገቢው፣ እማ» አለቻት።

«ባንክ የገባ ይወጣል።»

«ሊወጣ አይደል የሚገባው?»

«እሱን ነው የምፈራው።»

ሰው ሲታመም፣ ሰው ሲዳር፣ ሰው ሲታሰር ስትሰጥ ኖራለች። የለኝም ብላ እንዳትዋሽ ፊቷ ያስታውቅባታል።

ቅዳሜ ታናሽ ወንድሟ ገዳሙ ከሚኖርበት ከሮብ ገበያ ከተማ አንድ ማዳበሪያ ድንች ተሸክሞ መጣ። ገዳሙ ድንች ይዞ ከመጣ ነገር ይዟል።

«እታለም፣ ላም ግዥና በርቢ ስጭኝ» አለ። ላሟ የእሷ፣ ድካሙ የእሱ፣ ጥጃው የጋራ ይሁን ማለቱ ነው።

«ያችኛዋ ላሜስ?»

«ሞተች አላልሁሽም?»

በአገሩ ወግ የርቢ ከብት ሲሞት አርቢው ቆዳውን ለባለቤቱ ያመጣል።

«ቆዳዋስ?»

«ጅብ በላው።»

«ቀንዷንም?»

«የዚያን ዓመት ጅብ ክፉ ነበር» አለ ገዳሙ፣ ድንቹን ወደ እሷ ገፋ እያደረገ።

ሽታዬ አልተቆጣችም። መቆጣት ከሰለቻት ቆይቷል። «ከጓሮህ ያለውን ባሕር ዛፍ ሽጥልኝ» አለችው። «መሬቱ ያንተ፣ ዛፉ የኔ።»

«ገና ለጋ ነው እኮ! ወተት አይሰጥሽ!»

«ጅብም አይበላው።»

ገዳሙ ሳቀ። ገንዘቡ ዛሬውኑ እጁ እንደሚገባ ሲያስበው ግን ሳቁን ተወ። ሽማግሌ ተቀምጦ ውሉ ተጻፈ።

ከዚያ ወዲህ ብድር የሚለምን ሲመጣ ሽታዬ «ዛፌ አልደረሰም» ትላለች። ውሸት አይደለም፤ የተጠራጠረ ሄዶ ማየት ይችላል። አንድ ዘመድ በእርግጥም ሄዶ አየ። ተመልሶ አለመድረሱን ለሌሎቹ መሰከረላት።

ጡረታ በወጣች በሁለተኛው ዓመት ገዳሙ ባዶ እጁን መጣ። ልጁ ሊያገባ ነው፤ ቤት ይሠራለታል።

«እታለም፣ ከዛፉ ጥቂት ልቁረጥ።»

«አልደረሰም።»

«ለኔ? በየቀኑ እያየሁት! ለማገር ደርሷል፣ ለወራጅም ደርሷል!»

«ከደረሰማ ግዛኝ።»

«በገዛ ጓሮዬ? ከገዛ እህቴ?»

«አንተ ተውሁት ካልህ ነጋዴ ጠይቆኛል።»

ገዳሙ ተነሥቶ እስከ በሩ ሄደ። ተመልሶ ተቀመጠ። ዋጋ ሲከራከሩ ዋሉ፤ በመጨረሻ ለወንድምነቱ ትንሽ ቀነሰችለት። ከፍሎ ሲወጣ ደህና ሁኚ እንኳ አላላትም።

«ከሥሩ አስተካክለህ ቁረጠው» አለችው ከኋላው። «እንደገና እንዲያቆጠቁጥ።»

ለሠርጉ ግን ጠራት። ሽታዬ ማንንም ሳታስቸግር ለሙሽሮቹ ወፍራም ብርድ ልብስ ገዝታ ሄደች። የገዛችው በገዳሙ ብር ነበር፤ እሱም ሳይገባው አልቀረም፣ ግን ጥሩ አድርጎ አበላት።