ጀማልን ማን ያስፈጥር

ባለፈው ቅዳሜ በርበሬ ልገዛ የሐበሻ ሱቆች ወዳሉበት ፌርፋክስ ወርጄ ነበር። መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ሦስት ጊዜ ዞሬ ዞሬ፣ በመጨረሻ ራቅ ብዬ አቁሜ በእግሬ ስመለስ አንድ ምግብ ቤት ደጃፍ ላይ ሁለት የእኛ ልጆች ሲጨቃጨቁ ደረስኩ። የሁለት ተቀናቃኝ ዩኒቨርሲቲዎች ቲሸርት ለብሰዋል። የክርክሩ ምክንያት ሃይስኩል ገና ያልጨረሰ አንድ የፉትቦል ተጫዋች ነው፤ የአንዱ ዩኒቨርሲቲ ደጋፊዎች ብር አሳይተው አስኮበለሉት ነው የሚባለው።

«ሩል ብሬክ አድርገዋል እኮ» ይላል አንዱ።

«የምን ሩል? አሁን ተጫዋች ይከፈለዋል፣ ሊጋል ነው» ይላል ሌላው።

«ኦኬ፣ ድሮስ?»

«ድሮም ማንም ፎሎው አያደርግም ነበር።»

መንገዴን መቀጠል ሲገባኝ ቆምኩ። ስለ አሜሪካ ፉትቦል የማውቀው እፍኝ አይሞላም፤ ኳሱ ለምን እንቁላል እንደሚመስል እንኳ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ድሮ ግን ያን ሕግ ያከበሩ አንድ ሰው አውቃለሁ። በጊዜው አፌን ከፍቼ ሰድቤያቸዋለሁ።

ነገሩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። እናታችን ዲቪ ደርሷት እኔንና ወንድሜን ጀማልን ይዛ ከደሴ ስትመጣ እኔ አስራ ዘጠኝ፣ እሱ አስራ ሁለት ዓመታችን ነበር። ዌስት አዳምስ ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራየን። እናቴ ሎንግ ቢች አንዲት አሮጊት ቤት እያደረች ትጦር ስለነበር የምናያት እሁድ እሁድ ብቻ ነው። ስለዚህ ጀማልን የማሳደጉ ሥራ ለእኔ ወደቀ። ልብሱን የማጥብ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት አልነሳ ሲል ብርድ ልብሱን የምገፍፍ፣ ከትምህርት ቤት የሚመጣለትን ወረቀት ሳላነብ የምፈርም እኔ ነበርኩ። በተለይ መፈረም እወድ ነበር፤ ትልቅ ሰው የሆንኩ ይመስለኛል።

ጀማል ደሴ እያለን ጨርቅ ኳስ ሲለጋ የዋለ ልጅ ነው። ሃይስኩል ሲገባ የፉትቦል አሰልጣኙ ኳሷን መሬት ላይ አቁሞ «እስቲ ምታት» አለው። መታት፤ አጥር ተሻግራ ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኪከር ተባለ። ኪከር ማለት ጨዋታውን በሙሉ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ይቆይና ሲጠሩት ገብቶ አንዴ ለግቶ ተመልሶ የሚቀመጥ ማለት ነው። እናቴ ይህን ስነግራት «እግሩን ብቻ ነው እንዴ የፈለጉት?» አለችኝ።

አስራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ ያ እግር ከከተማችን ዩኒቨርሲቲዎች አንዱን አስከጀለ። ሙሉ ስኮላርሺፕ ሊሰጡት ቃል ገቡ፤ ፌብሩዋሪ ላይ ይፈርማል። ይህ ባይሳካ የሚጠብቀው ዌስትቼስተር፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ሻንጣ መሸከም ነበር። እናቴም ሰው ቤት ማደሯን ትቀጥላለች። ሌላ መንገድ አልነበረንም።

እኔ የማስተናግድበት ምግብ ቤት ፌርፋክስ ላይ ነበር፤ ባለቤቱ የወሎ ሙስሊም ስለሆኑ ሥጋው የሙስሊም ነው። ከደንበኞቻችን መካከል ኳስ ያጣመዳቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ጋሽ ሙሔ ናቸው፤ የአገሬ ሰው፣ የኤርፖርት ሻትል ሾፌር፣ ሆደ ሰፊ፣ ድምፃቸው ከወጥ ቤት የሚሰማ። ሁለተኛው ጋሽ በላቸው፣ ቀጭን የአዲስ አበባ ሰው፤ ሥራቸው ያለ አግባብ የቆመ መኪና ላይ የቅጣት ወረቀት መለጠፍ ነው። ሰው አይወዳቸውም ነበር። የሚስታቸውን መኪና ሳይቀር ቀጥተዋል ይባላል። አንድ ቀን ይህንኑ ብጠይቃቸው «ውሸት ነው፣ የእህቷ መኪና ነው» አሉኝ።

ጋሽ በላቸው የክርስቲያን ሰው ስለሆኑ ከእኛ ቤት ሥጋ አይበሉም። ሽሮ አዘው የሚቀመጡት ከጋሽ ሙሔ ጋር ለመከራከር ነው። ጋሽ ሙሔ ጀማልን የከጀለው ዩኒቨርሲቲ ደጋፊ ናቸው፤ ጋሽ በላቸው የባላንጣው። ጋሽ በላቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ቀመስ ስለነበሩ ሁለቱን ዩኒቨርሲቲዎች በሁለቱ ባላንጣ የትርጓሜ ጉባኤ ቤቶች ስም ላይ ቤትና ታች ቤት ብለው ሰይመዋቸዋል፤ የጋሽ ሙሔ ላይ ቤት፣ የራሳቸው ታች ቤት። በዚያ ዓመት አንድ ደጋፊ ለአንድ ተጫዋች መኪና በመስጠቱ ታች ቤት ተቀጥቶ ነበርና ጋሽ ሙሔ ይህን ነገር ጠዋት ማታ ያነሱት ነበር። «ሕግ ሕግ ነው በላቸው። ደጋፊ ለተጫዋች ስጦታ አይሰጥም። አንተ ለእህትህ ሚስት... ይቅርታ፣ ለሚስትህ እህት አዝነሃል?» ይላሉ። ጋሽ በላቸው አቀርቅረው ሽሯቸውን ይበላሉ።

የዚያ ዓመት ረመዳን ኖቬምበር ላይ ዋለ። ፀሐይ አስራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ከበረሃው በኩል የሚነፍሰው ደረቅ ነፋስ ከንፈር ይሰነጥቃል፤ ጀማል በዚያ ነፋስ እየጾመ ሲለማመድ ይውልና በሁለት አውቶቡስ ወደ እኔ ይመጣል። ዓርብ ጨዋታ ካለ ደግሞ ቴምር ካልሲው ውስጥ ሸጉጦ አግዳሚው ላይ ያፈጥራል።

ጾሙ በገባ በመጀመሪያው ቀን ጋሽ ሙሔ ጠሩኝ። «ሰዓዳ፣ ይሄ ልጅ ወሩን ሙሉ ከእኔ ነው የሚያፈጥረው። አጅሬን፣ ምንዳዬን፣ እንዳትከለክይኝ» አሉ።

«አላህ ይቀበልዎት ጋሼ» አልኩ። ደሴ ጾመኛ ለማስፈጠር ጎረቤት ይሻማ ነበር፤ ይህን እምቢ የሚል ሰው እንዳለም አላውቅም። ደስ አለኝ። አዛን ሲባል ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀርባሉ። ቴምር፣ ሾርባ፣ ከዘይት የወጣ የምስር ሳምቡሳ፣ አብሽ፣ በኋላ ደግሞ ጥብሱ፤ ሁሉም ከአንድ ትሪ። ሲጨርሱ ጋሽ ሙሔ በሻትላቸው ቤት ድረስ ያደርሱታል። ለእኔ ትልቅ እፎይታ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ ጀማል ጨዋታ ላይ እያለ ጋሽ ሙሔ ጉራ ጀመሩ። «የላይ ቤት የወደፊት ኪከር በየቀኑ የሚያፈጥረው ከእኔ ጋር ነው» አሉ።

ጋሽ በላቸው ቀና አሉ። «ሂሳቡን የሚከፍለው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ። አንተ ልትከፍል ኖሯል?»

«ስንት ቀን ሆናችሁ?»

«አስራ አንድ። ምነው? ይሄ እኮ ማስፈጠር ነው፣ መኪና አይደለም።»

ጋሽ በላቸው ሽሯቸውን ሳይጨርሱ ተነሥተው ወጡ። እንዲህ አድርገው አያውቁም ነበር።

በማግስቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ምግብ ቤቱ ባዶ እያለ ተመልሰው መጡ። የቆሙበት ሁኔታ ቲኬት ሊጽፉ የመጡ ይመስላል። «ሰዓዳ፣ ሙሔ ለላይ ቤት ክለብ በየዓመቱ ያዋጣል፣ ስሙ የደጋፊ መዝገብ ላይ አለ። እንዲህ ያለ ሰው ሊፈርም ያለን ልጅ ማብላት አይችልም። በሻትል ማድረስም አይችልም። ይሄ ነገር ልጁን ስኮላርሺፑን ሊያሳጣው ይችላል» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። የታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ታች ቤት ተቀጥቷል፣ እኚህ ሰውዬ ደግሞ በወንድሜ ሊበቀሉ ነው። አንቱ ማለቴን እዚያው ጣልኩት። «አንተ ቲኬት ጻፊ፣ መኪና አልበቃህ ብሎ የጾመኛ ልጅ ልትቀጣ መጣህ? ምቀኛ!»

ፊታቸው ትንሽ ቀላ። ወንበር ስበው «ቁጭ በይ» አሉኝ። አልተቀመጥኩም። እንደቆምኩ ነገሩኝ። «እኔ ሪፖርት ባደርገው ክስ ነው። እናንተ ሄዳችሁ ለላይ ቤት የሕግ ቢሮ ብትናገሩ ግን ስህተት ነው፣ ስህተት ይታረማል። ከፈረመ በኋላ ከሌላ ሰው ከሰሙት አለቀለት። ሶ ሰኞ ቢሮው ሲከፈት መሄድ አለባችሁ። ሰኞን ዴይ ኦፍ ወስጃለሁ፣ ድራይቭ አድርጌ እወስዳችኋለሁ።»

ቤት ገብቼ ፍሪጁ ላይ የተቆለለውን ወረቀት አወረድኩ። ሕጉ የተጻፈበት ጥራዝ እዚያው ነበር። ጀማል ገልጦ አነበበልኝ። ሁሉም ተጽፏል፤ ምግብ፣ መኪና ማሳፈር፣ ሁሉም። መጨረሻው ገጽ ላይ «አንብቤ ተረድቻለሁ» ከሚለው ሥር የእኔ ፊርማ አለ፤ እንዴት ያለ ቆንጆ ፊርማ መሰላችሁ። እስከዚያ ዕድሜዬ እንደዚያን ቀን የፈራሁበት ጊዜ የለም። የወንድሜን ዕድል በገዛ እጄ በትሪ ያቀረብኩት እኔ ነበርኩ።

ለጋሽ ሙሔ ስንነግራቸው ያ ድምፃቸው ጠፋ። «እኔ እኮ ኳሱን አላሰብኩም፣ ልጁ ደከመ ብዬ ነው» አሉ። አመንኳቸው። ዛሬም አምናቸዋለሁ።

ሰኞ ጋሽ በላቸው ሱፍ ለብሰው መጡ። ላይ ቤት ግቢ ሲገቡ የጠላት ሰፈር እንደገባ ሰው ግራ ቀኝ ይገላምጣሉ። የሕግ ጉዳይ የምትከታተለው ሴትዮ ጨዋ ነበረች። ጀማል ሁሉንም ነገራት፣ ረመዳን ምን እንደሆነም አስረዳት። እሷ እየጻፈች ልጁ በየቀኑ የበላው ስንት እንደሚያወጣ ጠየቀች። እኔና ጀማል ተያየን።

«የበሉት ከአንድ ትሪ ነው» አልኳት።

«እሺ፣ የእሱ ድርሻ የትኛው ነበር?»

ድርሻ የለም። ጋሽ ሙሔ ጥሩ ጥሩውን ሥጋ ወደ ጀማል ይገፋሉ፣ ጀማል መልሶ ወደ እሳቸው ይገፋል። ይህን በእንግሊዝኛ እንዴት ይሉታል? ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አሰበችና «ግማሽ በግማሽ ብለን እንያዘው» አለች። ጋሽ በላቸው ከኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ግማሽ አይሆንም። ሰውዬውን አውቀዋለሁ፣ ብዙ ነው የሚበላው። ለልጁ ሲሶ ይበቃዋል» አሉ። ሴትዮዋ ሳቀች፤ የጻፈችው ግን ሲሶ ነው። ለባላንጣቸው ተጫዋች ሲከራከሩ ያኔ ነው ያየኋቸው።

ጀማል ምሕረት አገኘ። የበላውን ዋጋ ለድሆች ምግብ ለሚያድል ድርጅት ሰጠ፣ በዚያው ተዘጋ። ራሳችን መጥተን ባንናገር ኖሮ ስኮላርሺፑ ይቀር እንደነበር ሴትዮዋ አልደበቀችንም። ለጋሽ ሙሔ ግን ደብዳቤ መጣላቸው። ጀማል ተጫዋች ሆኖ እስካለ ድረስ አጠገቡ እንዳይደርሱ የሚል ነው።

አምስት ዓመት ሙሉ ደብዳቤውን አከበሩ። ምግብ ቤቱ ደጃፍ ደርሰው በመስታወቱ ጀማልን ካዩ ሻትላቸውን አዙረው ይሄዳሉ። አንዳንዴ ከመንገዱ ማዶ እጃቸውን ያነሣሉ፣ እሱም ያነሣል። አንጀቴን ይበላኝ ነበር። ጋሽ በላቸው ደግሞ ጀማል ታች ቤት ላይ ሊመታ ሲቆም ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ኳሷ እንድትገባ ይሁን እንዳትገባ ጠይቄያቸው አላውቅም።

ጀማል የመጨረሻ ጨዋታውን ተጫውቶ በጨረሰ በሳምንቱ፣ ጃንዋሪ ላይ፣ ወደ ጋሽ ሙሔ ደወለ። «ጋሼ፣ ሐሙስ ጾመኛ ነኝ» አላቸው። ረመዳን ካለፈ ቆይቷል፤ ለእሳቸው ብሎ ግዴታ ያልሆነውን የሱና ጾም መያዙ ነው። ያን ቀን ጋሽ ሙሔ ከሰዓት በፊት መጥተው ጠረጴዛ ያዙ። አዛን ሲባል ቴምሩን በእጃቸው አጎረሱትና እንባቸው ወረደ፤ ሰው አየኝ አላየኝም አላሉም። ሁለት ዓመት ሳይሞላ አረፉ፣ አላህ ይዘንላቸው። ጀማል ዛሬ መምህር ነው። እናቴም ሰው ቤት ማደሯን ያቆመችው እሱ በተመረቀበት ዓመት ነው።

ይህን ሁሉ እያሰብኩ በርበሬዬን ይዤ መኪናዬ ውስጥ ገባሁና ለጋሽ በላቸው ደወልኩ። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፤ ጡረታ ወጥተው ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። በየበዓሉ እንደዋወላለን፤ ያን ቅዳሜ ግን አንሥተነው አናውቅም ነበር።

«ጋሼ፣ ያኔ ሰድቤዎታለሁ። ይቅርታም አልጠየቅኩዎት፣ አላመሰገንኩዎትም» አልኳቸው።

«ቲኬት ጻፊ ያልሽኝን ነው? ሥራዬ እኮ ነበር።»

«ምቀኛም ብዬዎታለሁ።»

«በእሱስ ልክ ነበርሽ» አሉኝ።

«እንዴት?»

«ዓርብ ማታ ቤቴ ገብቼ ስልኩን አንሥቼ ነበር። ጥቆማ የሚቀበል መስመር አለ፣ መልእክት ይቀዳል። ሙሔ ዓመቱን ሙሉ ሲያበሽቀኝ ከርሟል። አሁን በተራው ይቅመሰው ብዬ ደወልኩ። ተናገር የሚለው ድምፅ ሲመጣ ልጁ ታየኝና ዘጋሁት። ከዚያም እንደገና ደወልኩ። እንደገና ዘጋሁ። ሰኞ ድረስ ብቆይ አንዱን ጊዜ እናገር ነበር ሰዓዳ፤ ራሴን አላመንኩትም። ለዚህ ነው ቅዳሜ በጠዋት የመጣሁት። አንቺ ካወቅሽው በኋላ ብደውል እኔ መሆኔን ታውቂያለሽ፣ ስለዚህ ልደውል አልችልም።»

ቀጠል አድርገውም «ለማንኛውም ጀማል ታች ቤት ቢገባ ይሻለው ነበር» አሉና ሳቁ፤ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ማውራት ጀመሩ።

ሃያ ዓመት ሙሉ ሕግ መውደድ ተፈጥሯቸው የሆነ፣ ነገሩ ምንም ያልከበዳቸው ሰው ይመስሉኝ ነበር። ምስጋናዬም በዚያው ልክ ነበር፤ ትራፊክ መብራት በጊዜው አረንጓዴ ሲሆንልን የምናመሰግነውን ያህል። እኚህ ሰው ግን ወንድሜን በአንድ ስልክ ሊያጠፉት እየቻሉ፣ ልባቸውም እየከጀለ፣ ከገዛ እጃቸው ሊያድኑት ጠዋት ተነሥተው ወደ እኔ መጡ። እኔም ቆሜ ሰደብኳቸው። ስልኩን ዘግቼ መኪናዬ ውስጥ ብዙ አለቀስኩ።